ሁለቴ የተለቀሰላቸው ሊቀመንበር

አስቴር በጠዋት ደውላ «ጋሼ፣ አባባ አረፉ» ስትለኝ፣ «አሁን ደግሞ በማን ሊተኩ ነው?» አልኳት።

ይኸውላችሁ። ሰማንያን አልፌ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ፣ የስንቱን ልቅሶ ተቀምጬ፣ አባቷ ለሞተባት ሴት ያገኘሁላት የማጽናኛ ቃል ይህ ነው። ጥርሴን ገና ከብርጭቆው አላወጣሁትም ነበርና፣ ምናልባት ቃሉ ተድበስብሶባት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«ጋሼ፣ የዛሬው የእውነት ነው» አለችኝ ቀስ ብላ።

በደንብ ተሰምቷታል ማለት ነው። ደንግጬ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ለነገሩ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልልም። የአስቴር አባት አቶ ላምቤቦ ግን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሞተው ያውቃሉ። በጃንሆይ ዘመን፣ በቅዳሜ ቀን፣ በሆሳዕና ከተማ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩት እኔው ራሴ ነኝ። እሳቸውም ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያርሙኝ ነበር።

ያኔ እኔ ከዳምቦያ ተነሥቼ ሆሳዕና የተመደብኩ ወጣት መምህር ነበርኩ። ሁለት ሱሪና ብዙ አስተያየት ነበረኝ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ የእድራችን ጸሐፊ ተደረግሁ። አቶ ላምቤቦ ደግሞ ሊቀመንበራችን ነበሩ። የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው። ገና አርባን ቢያልፉ ነው፤ ግን ቅንድባቸውና ሪዛቸው ላይ ሁልጊዜ ዱቄት ስለሚቀመጥ የማያውቃቸው ሰው ሽማግሌ መስለውት ከመንገድ ገለል ይልላቸው ነበር። እሳቸውም አመስግነው ያልፋሉ። «ሽምግልናን በነጻ አገኘሁት» ይሉ ነበር።

ሞተር እየጮኸባቸው የኖሩ ሰው ስለሆኑ ማንሾካሾክ አያውቁም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መምህሬ፣ ይሄ በመካከላችን ይቅር» ሲሉኝ ገበያው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ምሥጢር የላቸውም፤ ምሥጢር የሌለው ሰው ደግሞ በዚያ ከተማ ብርቅ ነበር። ሌላው ምልክታቸው ባርኔጣቸው ነው። ባርኔጣው ራሳቸው ላይ እስካለ ድረስ ቢቆጡም፣ ቢሳደቡም ምንም አይደለም። አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ካስቀመጡት ግን ቆርጠዋል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሊቀ ጳጳስ ቢመጣ አይመልሳቸውም።

አሁን ወጣቶቹ «ያኔ ፓርቲ ነበር ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። አልነበረም። ክልክል ነው እንኳ ብሎ የነገረን የለም፤ ቃሉንም አናውቀውም። ነገር ግን እድር ነበረን። ሰው መቅበር ማንም አይከለክልምና በሕጋዊ መንገድ ተሰብስበን የምናወራበት ቦታ የልቅሶ ድንኳን ብቻ ነበር። ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ጉራጌው፣ ጴንጤው፣ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ እዚያው ነው። ሟቹን ካነሣን በኋላ ስለ መንገዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ግብሩ እናወራለን። የፓርላማ እንደራሴ ምርጫ ሲደርስ ደግሞ፣ አንዱ ዕጩ ምልክቱ ጦር፣ አንዱ በቅሎ ሆኖ ሲመጣ፣ አገሬው የሚጠብቀው «ላምቤቦ ምን አለ?» የሚለውን ነው። ዕጩዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይጎርፋሉ። ካፖርቱ ላይ ዱቄት ይዞ የወጣ ዕጩ ተስፋ አለው። ካፖርቱ ንጹሕ የሆነ፣ በሩ ላይ ቆሞ ተመልሷል ማለት ነው። አንዱ ከገዛ ቤቱ ዱቄት አምጥቶ ትከሻው ላይ ነስንሶ ከተማውን ሲዞር ተይዞ ነበር፤ የገብስ ዱቄት መሆኑ አሳበቀበት። አቶ ላምቤቦ ያን ሳምንት የፈጩት ስንዴ ብቻ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ሆኖ ይነሣል? ነገሩ የተጀመረው በሳቅ ነው።

አቶ ላምቤቦ ቀልደኛ ነበሩ። እኛም እንስቅ ነበር። ሊቀመንበር ሲቀልድ መሳቅ የአባል ግዴታ ነው፤ ዓመት ባለፈ ቁጥር ደግሞ ግዴታችንን እየቀደምን መወጣት ጀመርን። አፋቸውን ሲከፍቱ እንስቃለን። ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው፣ ከሁሉ አስበልጦ ጠረጴዛ የሚመታው ማን እንደነበር ልንገራችሁ? ጸሐፊው ነው። እኔ። ከእሳቸው በኋላ ወንበሩ ለእኔ እንደሚገባ በልቤ ጨርሼ ስለነበር፣ ሳቄን እንደ ማመልከቻ በየጊዜው አስገባ ነበር።

የማይስቅ አንድ ሰው ነበር፤ ሸምሱ። ጉራጌ ነው፤ ገበያው አፍ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው። ከእኔ ጥቂት ዓመት ይበልጠኛል። ቀልድ ተነግሮ፣ ሰው ሁሉ ስቆ፣ እንባውን ጠርጎ ሲጨርስ ሸምሱ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ከዚያስ?» ይላል። ቀልዱ እንዳለቀ አይገባውም። ወይም እንዳልገባው ያስመስላል። ይህን እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም።

አንድ እሑድ ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። አቶ ላምቤቦ ተነሡና፣ «ጃጁራ ገበያ በሬ ልገዛ ሄጄ…» አሉ። ዱቄት ጉሮሯቸውን ያዛቸውና ሳል ጀመሩ።

ሳቅን። እኔማ ጠረጴዛውን መታሁት።

«ምን ያስቃል?» አሉ ሳላቸውን ጨርሰው። «ገና በሬውን እኮ አላየሁትም!»

ይህንንማ ከቀድሞው አብልጠን ሳቅን። አንዱ ከወንበሩ ወደቀ።

«ከዚያስ?» አለ ሸምሱ ከጥግ። «በሬውን ገዙት?»

አቶ ላምቤቦ ዙሪያውን አዩን። አንድ በአንድ አዩን። «አልገዛሁትም» አሉ ለሸምሱ ብቻ። «አፉ አረፋ ይደፍቃል። አጠገቡ ያሉትም እንደዚያው። በሽታ ገብቷል። ከብቶቻችሁን ወደዚያ ገበያ አትንዱ ልላችሁ ነበር የተነሣሁት።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው አሁንም ይስቅ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ሊቀመንበራችሁ አይደለሁም» አሉ አቶ ላምቤቦ።

ልንገራችሁ፤ በሊቀመንበርነታቸው ዘመን ሁሉ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ያሳቀን ነገር የለም። ድንኳኑ ሊወድቅ ደረሰ። ሳቁ የቆመው ቁጭ ብለው ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ሲያስቀምጡ ነው።

በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ሄጄ ለመንኳቸው። ስለምናቸው ግን አንድ ዓይኔ ወንበሩ ላይ ነበር።

«መምህሬ» አሉኝ በሞተሩ ላይ እየጮኹ፣ «ወፍጮ ቤት ወረፋ አለ አይደል? አህያህ ላይ ጭነህ ካልወጣህ የኋላው ሰው አይገባም። እኔ አስፈጭቻለሁ። በር ላይ ምን ልሁን ብዬ ልቁም?»

«ሕዝቡ ይወድዎታል እኮ!»

«ሕዝቡማ ጆሮውን ዘግቶ ይወደኛል። በሽታ መጣ ስላቸው የሚስቁ ሰዎች ነገ እሳት ተነሣ ብላቸው ያጨበጭባሉ።»

አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ደንባችን። የእድሩ ደንብ «ሊቀመንበሩ በሞት ሲለይ በምትኩ ሌላ ይመረጣል» ይላል። ሌላ መውጫ የለውም። አዛውንቶቹ «ደንብ ደንብ ነው» ብለው ድርቅ አሉ። ይህን ደንብ ያረቀቀው ጅል ማን ነው ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ በእጅ ጽሑፉ የተመሰገነ አንድ መምህር ነው። ምን ላድርግ? መሪ በሌላ መንገድ ከወንበሩ ሲወርድ አይቼ አላውቅማ። ያየሁትን ጻፍኩ።

አቶ ላምቤቦ ደንቡን አስነበቡኝ። ደግሜ አነበብኩላቸው።

«እንግዲያስ ቅዳሜ እሞታለሁ» አሉ።

አዛውንቶቹ ተጯጯሁ። «ምን ዓይነት ነገር ነው? በቁሙ ሰው ይሞታል?»

«ደንቡ ሞት ይላል እንጂ ቀብር አይልም። ድንኳን ጣሉ፣ ንፍሮ ቀቅሉ፣ አልቅሱልኝ፣ ከዚያ ምረጡ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የሚስቅላችሁን ሳይሆን የሚጠይቃችሁን ምረጡ።»

ይህን የመጨረሻውን ቃል ሰምቼዋለሁ። ለሌላ ሰው የተባለ መሰለኝ። ኮቴን አስተኮስኩ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ከተማውን ዞረ። ምን ብሎ እንደሚለፍፍ አጥንቶ ነበር፤ «ሊቀመንበራችን አቶ ላምቤቦ ወንበራቸውን ለመልቀቅ ሲሉ በደንቡ መሠረት ዛሬ ሞተዋል» የሚል ረጅም ነገር። ግን የጠዋት ብርድ ነው፤ ሰውየው አሳጠረው። «ላምቤቦ ሞቷል! ላምቤቦ ሞቷል!» እያለ ወጣ። የከተማው ሰው ነገሩን ያውቃል፤ የገጠሩ ግን አያውቅም። ረፋዱ ላይ ታላቅ እህታቸው ከጃጁራ በኩል ደረሱ። ደረታቸውን እየደቁ፣ ዘመድ ከኋላ አስከትለው፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ወንድማቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የገዛ ራሳቸውን ንፍሮ ይበላሉ።

ሴትዮዋ ቆሙ። አዩ። አንድ ጥፊ አሳረፉባቸው። ከወንድማቸው ቅንድብ ዱቄት ቦነነ።

«እህቴ፣ ላስረዳሽ…»

«ዝም በል! ይህን ሁሉ አቀበት እያለቀስኩ የመጣሁት ለከንቱ አይደለም!» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ልቅሷቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። እንዴት ያለ ልቅሶ! ከእሳቸው የተነሣ ሌላውም አለቀሰ። አንዳንዱ ያለፈ ሟቹን አስታወሰ፣ አንዳንዱ በእርግጥም ከእንግዲህ ላምቤቦ እንደማይመሩት ያን ጊዜ ገባው። ሸምሱ እንኳ፣ ያ ድንጋይ፣ በኮፍያው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

የሕይወት ታሪክ ለማንበብ ተነሣሁ። ድምፄን አወፈርኩ። «አቶ ላምቤቦ በወጣትነታቸው ሁለት በሬ ይዘው ወደ ሆሳዕና ከተማ በመምጣት…»

«አንድ!» አለ ያ የወፍጮ ቤት ድምፅ ከምንጣፉ ላይ። «አንድ በሬ ነው። ሁለተኛው የወንድሜ ነበር!»

«አቶ ላምቤቦ፣ እርስዎ ሞተዋል!» ብለው አዛውንቶቹ ጮኹባቸው።

እኔ ሳቅሁ። ወረቀቱ ከእጄ እስኪወድቅ ሳቅሁ። እህትየው ከወንድማቸው የተረፈውን ጥፊ ለእኔ አደረጉት፤ አሁንም ግን አልቆመልኝም። ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መካከል አንዲት ጠብታ ያላወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቀጥሎ ምርጫው መጣ። በዕጩዎቹ ጀርባ በመሰለፍ ነው። እኔ በአንድ በኩል ቆምኩ፣ ሸምሱ እየተጎተተ በሌላ በኩል ቆመ። «እሱ ነጋዴ ነው፣ ባሕሉም እምነቱም ከብዙዎቻችን ይለያል» ያለ አንድ ሰው ነበር። እህትየው እንባቸውን ሳይጠርጉ ዞር ብለው፣ «ወንድሜን ልታለቅሱለት ስትመጡ የለበሳችሁትን ነጠላ ከማን ሱቅ ነው የገዛችሁት?» አሉት፤ ሰውየው ተቀመጠ። ኮቴን እያስተካከልኩ ወደ ኋላዬ ሳይ፣ ከእኔ ጀርባ የቆሙት የቤት አከራዬና አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌው ጥላ ፈልገው ነው።

ሸምሱ ሊቀመንበር ሆነ። ቃል ለማሰማት አፉን ሲከፍት ፖሊሶች ድንኳኑን ገልጠው ገቡ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ አለቃቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ላምቤቦ፤ ተነሥተው ተከተሏቸው።

አውራጃውን ያኔ ያስተዳድሩ የነበሩት ተጠባባቂ ገዥ ነበሩ። አለቃቸው አዲስ አበባ ታመው ተኝተዋል፤ እኒህ ደግሞ ሆሳዕና ቁጭ ብለው ከዛሬ ነገ ተጠባባቂ የምትለው ቃል እስክትነሣላቸው ይጠብቃሉ። በመጪው የእንደራሴ ምርጫ የሚያስመርጡት ዘመድ ነበራቸው፤ ሥራውን ለአቶ ላምቤቦ አደራ ሊሰጡ ሲዘጋጁ አቶ ላምቤቦ ሞቱባቸው። ያናደዳቸው ግን ይህ ብቻ አይደለም። በሕይወት እያለ ወንበሩን የሚለቅ ሰው! በዚያ ዘመን! ጃንሆይ በሸመገሉበት ጊዜ! ነገሩ ጃንሆይን እንደ መስደብ ተቆጥሮ ወደ ላይ ቢጻፍ ኖሮ፣ አቶ ላምቤቦ ከሆሳዕና ተወስደው ተመልሰው የማይመጡበት ቦታ ይገቡ ነበር። እድሩም ይዘጋ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ የአስቴር እናት ሕፃኗን አዝላ ከፖሊስ ጣቢያው አጥር ሥር ተቀመጠች። ከውስጥ የባሏ ድምፅ ለከተማው ሁሉ ይሰማል፤ ለዘብ ጠባቂዎቹ ስለ ጃጁራ በሽታ ይነግራቸዋል። ሰው ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቃት «ድምፃቸው እስከተሰማኝ ድረስ እዚህ አሉ ማለት ነው» ትል ነበር።

ሰኞ አዲሱ ሊቀመንበርና ጸሐፊው ተጠራን። እኔ በመንገድ ላይ ሸምሱን «አንተ ዝም በል፣ አማርኛውን ለእኔ ተወው» አልኩት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሰማኝም።

ገዥው ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ከራሳቸው በላይ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል።

«ማነው ይህን ያስተማራችሁ?» አሉ።

«ምኑን፣ ጌታዬ?» አለ ሸምሱ።

«በሕይወት እያሉ ወንበር መልቀቅን!»

«አስፈጭቻለሁ ብለው ነው፣ ጌታዬ። ወረፋውን ለቀቁ።»

«ይመለስና ይቀመጥ!»

«እንዴት ይሆናል? ሰዉ አልቅሷል። ንፍሮውም ተበልቷል።»

ገዥው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አሉ። «ስማ። ይህ ሰው መሪ በጊዜው ይልቀቅ ሲል፣ ለማን ማለቱ ነው?»

«ለራሳቸው ነዋ።»

«ለራሱ ብቻ?»

«ሌላ ማን አለ፣ ጌታዬ?»

በዚያች ቅጽበት የገዥው ዓይን፣ ሳያስቡት፣ ሽቅብ ወደ ሥዕሉ ሄዶ ተመለሰ። ሸምሱም ዓይናቸውን ተከትሎ ሽቅብ አየ። ደህና አድርጎ አየ።

«ጃንሆይ ናቸው» አለ።

ገዥው ከወንበራቸው ዘለሉ። «ጃንሆይን ማን አነሣ?»

«እርስዎ አዩዋቸው እኮ።»

«እኔ አላየሁም!»

«እሺ፣ ጌታዬ። ከዚያስ?»

«ምን ከዚያስ? ነገሩ ወደማን እንደሚያመለክት ይገባሃል!»

«አልገባኝም። ግን ይንገሩኝ፤ አቶ ላምቤቦ ማንን ልቀቅ እንዳሉ በትክክል ይንገሩኝና፣ አባላት ሁሉ እንዲጠነቀቁ ነገ ጠዋት በጡሩምባ አስነግራለሁ። ‹ገዥው እንዲህ ብለዋል› ብዬ።»

ገዥው አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚሉትን ስም ሊሉት አይችሉም። ዘጉት። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የተማርክ ነህ። አንተ ይገባሃል አይደል?»

ገብቶኛል! ሳቄ ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ሥር ደርሶ ነበር። በዕድሜዬ ሁሉ ቀልድ ሳያልቅ ስስቅ ኖሬ፣ ያን ቀን ብስቅ ኖሮ አቶ ላምቤቦ ጠፍተው ነበር፤ ምክንያቱም የሚስቅ ሰው ገብቶታል። ምላሴን ነከስኩ። ደም ደም አለኝ።

«እኔም አልገባኝም፣ ጌታዬ» አልኩ። መምህር ከሆንኩ ወዲህ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ገዥው ላባቸውን ጠረጉ። «ስለዚህ ነገር እዚህ ምንም አልተነጋገርንም። ሰውየው ይፈታ። ግን ሞቻለሁ ካለ ሞቷል! ስብሰባ ላይ ተቀምጦ እንዳላይ!»

ከቢሮው ወጥተን ዋርካው ሥር ደረስን። ከዚያ ሳቄን ለቀቅኩት። ሸምሱ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ስጨርስ «ምን ያስቃል?» አለኝ።

አቶ ላምቤቦ ሲፈቱ የመጀመሪያ ንግግራቸው ለእኔ ነበር። «መምህሬ፣ እህቴ አለቀሰችልኝ። ሸምሱም አለቀሰልኝ። አንተ ብቻ ሳቅህ። አንድ ልቅሶ አለብህ፤ የእውነቱ ሲመጣ ይዘህ ትመጣለህ።»

ከዚያ ወዲያ ትእዛዙን አክብረው ኖሩ። እድሩ ሲሰበሰብ እሳቸው ከድንኳኑ ገመድ ውጭ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ውስጥ ያለነው ስንሳሳት ከውጭ ያ ድምፅ ይመጣል፤ «እኔ ሞቻለሁ፣ ግን እንዲህ አይደለም!» ሸምሱ ደግሞ ውስጥ ሆኖ ሥራውን ይሠራል። የገዥው ዘመድ ቅስቀሳ ሲመጣ «መንገድ አስገባላችኋለሁ» አለ። «ከዚያስ?» አለው ሸምሱ። «ትምህርት ቤት አሠራለሁ።» «ከዚያስ?» ሰውየው የሚለው አለቀበትና ምርጫው ሳይደርስ አገር ቀየረ። ከብቶቻችንንም ያን ዓመት ወደ ጃጁራ አልነዳንም፤ በሽታው አለፈን።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የዚያ ቢሮ ሥዕል ከግድግዳው ወረደ። ከሥሩ የተቀመጡትም ተነሡ። ሁሉም ወንበሩን እንዴት እንደለቀቀ ታውቃላችሁ። አንድ ሰው እንኳ ንፍሮ አልቀቀለላቸውም።

አቶ ላምቤቦ ግን ኖሩ። እኔ ጡረታ ወጥቼ ዳምቦያ ከገባሁ በኋላም፣ ሆሳዕና በሄድኩ ቁጥር ከሩቅ ያዩኝና፣ «ልቅሶዬን አልረሳህም?» ይሉኛል። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ ያየኛል።

በዚያ ጠዋት ጥርሴን አደረግሁ፣ ሚኒባስ ያዝኩ፣ ሄድኩ። ድንኳኑ ተጥሏል። አስቴር አቀፈችኝ፤ ስለ ስልኩ አላነሣችም። ጥግ ላይ ሸምሱ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። «የቀድሞው ጸሐፊ የሕይወት ታሪክ ያንብቡልን» ተባለ።

ተነሣሁ። ልቅሶዬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከዳምቦያ ጀምሮ ተጠንቅቄ ይዣታለሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። «አቶ ላምቤቦ በወጣትነታቸው ሁለት በሬ ይዘው ወደ ሆሳዕና ከተማ በመምጣት…» አልኩና ቆምኩ።

አውቄ ነው ሁለት ያልኩት።

ጠበቅሁ። ከምንጣፉ በኩል ምንም የለም። ከገመዱ ውጭም ምንም የለም። ወጣቶቹ መስመሩ የጠፋኝ መሰላቸው። «አንድ» የሚል ድምፅ ከየትም አልመጣም። ያን ጊዜ ሞታቸው ገባኝ። ዓይኔ ሞላ፤ እንባዬ መጣች፣ ልትወርድ ነው፣ ዕዳዬን ልከፍል ነው።

«ከዚያስ?» አለ ሸምሱ ከጥግ።

ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ሳቅሁ። አስቴርም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ድንኳኑም ሳቀ። ጥፊ የሚያሳርፉብኝ እህትየው በሕይወት የሉም። እንባዬ ከዓይኔ ጫፍ ተመለሰች።

እስከ ዛሬ አልወጣችም። አንዲት ልቅሶ አለችብኝ።